ከሩቅ የመጡ የእንግሊዝኛ ቃላት፦ ጅማ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጅማ ላይ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ስለ ሰዋስው ከሚጠይቁኝ ይልቅ ስለ ቃላት የሚጠይቁኝ ይበልጣል። ይሄ ቃል ከየት መጣ? እንግሊዝኛ አይመስልም፣ የማን ነው? ወላጆችም፣ የቡና ነጋዴዎችም፣ ካፌ ውስጥ የሚያገኙኝ ሰዎችም ይህንኑ ይጠይቁኛል። በብዛት የሚመጡትን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ። የእንግሊዝኛውን ቃል በፊደላችን እንደሚነበበው ጽፌዋለሁ። ዓመታቱ፣ ዓ.ም. ካላልኩ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

እንግሊዝኛ ይህን ሁሉ የውጭ ቃል ለምን ተበደረ?

በወረራ፣ በሃይማኖትና በንግድ ነው። ክርስትና ላቲንን ይዞ ገባ። ቫይኪንጎች ከስካንዲኔቪያ መጥተው ሰፈሩ፣ ቃላቸውም አብሯቸው ሰፈረ። በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ሲይዙ ደግሞ የቤተ መንግሥቱና የፍርድ ቤቱ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ሆነ። ዛሬ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ቢገለጥ ከግማሽ የሚበልጠው ቃል ከላቲንና ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው።

በ1600 የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ሲቋቋም ሌላ በር ተከፈተ። መርከቦቹ ቅመምና ጨርቅ ሲጭኑ ቃልም አብረው ጫኑ። እዚህ ገጽ ላይ ያሉት ብዙዎቹ ቃላት በንግድ መንገድ የተጓዙ ናቸው። ይሄ ለጅማ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። የሂርማታ ገበያ ከሩቅም ከቅርብም የመጡ ሲራራ ነጋዴዎች የሚገናኙበት ነበር። ዕቃው ሲሸጥ የዕቃው ስምም ከአፍ ወደ አፍ ይተላለፋል።

ቲቸር፣ «ኮፊ» የሚለው ቃል ከከፋ ነው አይደል የመጣው?

ይህን የማይጠይቅ ክፍል ገጥሞኝ አያውቅም። ጅማ የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ስለነበረች ስሙን እንደ ራሳችን እናየዋለን። መልሱ ግን እንደምንመኘው አይደለም።

መጀመሪያ የማያከራክረውን መንገድ እንከተል። እንግሊዞች ቃሉን የያዙት በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው። ያገኙት ከአውሮፓ ጎረቤቶቻቸው፣ በተለይ ከሆላንዶች ነው። ወደ አውሮፓ የገባው ከቱርክኛው «ካህቬ» ነው። ቱርኮች ደግሞ ከዓረብኛው «ቀህዋ» ወሰዱት። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ይስማማል።

ክርክሩ ከ«ቀህዋ» ጀርባ ያለው ነው። የዓረብኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች እንደሚሉት «ቀህዋ» ቀድሞ የወይን ጠጅ ስም ነበር። የምግብ ፍላጎትን ከመዝጋት ጋር ያያይዙታል። ቡና መጠጣት የመን ውስጥ በሱፊዎች ዘንድ የተስፋፋው በ15ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ቃሉ ከመጠጡ በፊት ከነበረ፣ ከከፋ መጣ ለማለት ይከብዳል። ስለዚህ የቃላትን ምንጭ የሚያጠኑ አብዛኞቹ ሊቃውንት የከፋውን ነገር እንደ ግምት ብቻ ነው የሚጠቅሱት።

ይህን ስናገር ፊታቸው የሚጠቁር ልጆች አሉ። ይገባኛል። ግን ሁለት ጥያቄዎችን አናደባልቅ። የቃሉ ምንጭ ሌላ፣ የተክሉ ምንጭ ሌላ። የዓረቢካ ቡና አገሩ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካ መሆኑን የተክል ሳይንስ የመሰከረው ነው። የስዊድኑ የተክል ሊቅ ሊኒየስ በ1753 ተክሉን «ኮፊያ አረቢካ» ብሎ ሲሰይመው አውሮፓ ቡናን የምታውቀው ከዓረብ አገር ነበር። ስለዚህ ስሙ የነጋዴውን አገር ያዘ እንጂ የጫካውን አልያዘም።

አሁን ደግሞ እኔን ከሁሉ የሚያስደስተኝን ልንገራችሁ። ዓረቦች መጠጡን «ቀህዋ» ይበሉት እንጂ ፍሬውን «ቡን» ነው የሚሉት። ከፍኛ «ቡኖ» ይላል። ኦሮምኛና አማርኛ «ቡና» ይላሉ። ፍሬው ባሕር ሲሻገር ስሙን ይዞ ተሻገረ ብሎ ማሰብ ተገቢ ይመስለኛል። ከጅማ ሆኖ ስለ ቡና ስም የሚከራከር ሰው ይህን ይያዝ። ከከፋው ይልቅ ጠንካራ መነሻ አለው።

ቡናን አገኘ የሚባለው የፍየል እረኛ፣ የካልዲ ታሪክስ? በጽሑፍ ያሰራጨው ፋውስቱስ ናይሮን የተባለ የማሮናውያን (የሊባኖስ ክርስቲያኖች) ሊቅ ነው፤ ሮም ላይ በ1671 አሳተመው። እሱ የጻፈው እረኛ ግን ስም የለውም። «ካልዲ» የሚለው በኋላ የተጨመረ ነው። ቡና የተገኘባት ናት በምትባለው በጅማ ዞን ጮጬ የሚኖር ሰው ታሪኩን ለእንግዳ ሲተርክ ደስ ይለኛል፤ ይተርከው። ፈተና ላይ ግን የቃል ምንጭ ማስረጃ አድርጋችሁ አታቅርቡት።

ሞካና ማኪያቶስ?

«ሞካ» የመን ቀይ ባሕር ዳር ያለ ወደብ ስም ነው። ቡናው ከዚያ ስለሚጫን የወደቡ ስም የቡናው ስም ሆነ። «ማኪያቶ» ጣልያንኛ ነው፣ «ጠብ ያለበት፣ የነካካ» እንደማለት። ቡናውን ወተት ነካ አድርጎታል ማለት ነው።

ጥርኝ በእንግሊዝኛ «ሲቬት» ይባላል። ከየት የመጣ ስም ነው?

ይህን የጠየቀኝ የሊሙ ልጅ ነው። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ምክንያቱም መልሱ ከእሱ ቤት አይርቅም። እንግሊዝኛው «ሲቬት» ከፈረንሳይኛ «ሲቬት»፣ እሱ ደግሞ ከጣልያንኛ «ዚቤቶ» መጣ። ጣልያንኛው ከዓረብኛ «ዘባድ» ነው። ዘባድ ምንድነው? የእኛው ዝባድ።

በእኛ ቋንቋ እንስሳው ጥርኝ ነው፣ ከእሱ የሚወጣው ቅባት ዝባድ። እንግሊዝኛ ግን ለሁለቱም አንድ ቃል ይጠቀማል። ስለዚህ ንባብ ውስጥ «ሲቬት» ሲያጋጥማችሁ ስለ እንስሳው ነው ወይስ ስለ ሽቶው ብላችሁ ጠይቁ።

ዝባድ ከጅማና ከአካባቢዋ በቀንድ ተጠቅጥቆ ወደ ባሕር ጠረፍ ይወርድ ነበር። ከቡናና ከዝሆን ጥርስ ጋር የሲራራ ነጋዴው ውድ ዕቃ ነበር። የአውሮፓ ሽቶ ቀማሚዎች ጠረኑ ቆዳ ላይ እንዲቆይ ይጨምሩታል። ዛሬ አብዛኛው በፋብሪካ በተሠራ ተተክቷል። መዝገበ ቃላት ውስጥ ከማውቃቸው ቃላት ሁሉ የጅማን ንግድ በደንብ የሚያስታውሰኝ ይሄ ነው።

ቁርአን ቤት የተማርኩት ዓረብኛ ለእንግሊዝኛ ይጠቅመኛል?

በጣም ይጠቅማል። አማርኛ ውስጥ ያሉት የዓረብኛ ቃላት ራሳቸው ይበቃሉ። ጥቂቶቹን እንይ።

ኩል ታውቃላችሁ። ዓይን የሚኳልበት ያ ደቃቅ ዱቄት በዓረብኛ «ኩሕል» ነው፤ ከነመነሻው «አል ኩሕል»። ቃሉ አውሮፓ ሲደርስ መጀመሪያ ማንኛውንም የደቀቀ ዱቄት ይጠራበት ጀመር። ቀጥሎ ከአንድ ነገር ውስጥ ተጣርቶ የወጣ ንጹሕ ፍሬ ነገር ሆነ። ከዚያ ከወይን ጠጅ ተጣርቶ የወጣው «የወይን አልኮል» ተባለ። በመጨረሻ ወይኑ ቀርቶ «አልኮል» ብቻ ቀረ። ኩልና አረቄ ዘመዳሞች ናቸው ስላችሁ አትደነቁ።

መጋዘንም እንዲሁ ነው። የዓረብኛው «መኽዘን» ዕቃ የሚከማችበት ቦታ ነው። እኛ «መጋዘን» አልን፣ እንግሊዝኛ «ማጋዚን» አለ። እንግሊዝኛውም መጀመሪያ ትርጉሙ መጋዘን ነበር። የጦር መሣሪያ ማከማቻ፣ ከዚያም ጥይት የሚጎርስ የጠመንጃ ክፍል ሆነ። በ1731 ለንደን ላይ አንድ አሳታሚ የሚያወጣውን መጽሔት «ማጋዚን» ብሎ ሰየመው፤ የልዩ ልዩ ጽሑፍ ማከማቻ ለማለት ነው። ከዚያ ወዲህ መጽሔት ሁሉ በዚሁ ተጠራ። ገንዘብ የምናስቀምጥበት ካዝናም የዚሁ ሥር ልጅ ነው።

«አልጀብራ» የመጣው አል-ኸዋሪዝሚ በ9ኛው ክፍለ ዘመን ባግዳድ ውስጥ ከጻፈው መጽሐፍ ስም ነው። «አል-ጀብር» የተሰበረን ወደ ቦታው መመለስ ነው። ቃሉ ለአጥንትም ይሠራል። ስፔን ውስጥ «አልጀብሪስታ» የሚባለው ወጌሻ ነበር። የሒሳብ መምህራችሁ ከአንዱ የእኩልታ ጎን የጎደለውን ሲሞላ የወጌሻ ሥራ እየሠራ ነው። የሊቁ ስም ራሱ ደግሞ «አልጎሪዝም» ሆኖ ቀረ።

«ሲፍር» ባዶ ማለት ነው። ከሱ ሁለት ቃል ወጣ፦ «ዜሮ» እና «ሳይፈር»። ሁለተኛው ዛሬ በብዛት ምስጢራዊ ጽሑፍ ማለት ነው። «ታሪፍ»ም ዓረብኛ ነው፣ ማሳወቅ ከሚል። የባጃጅ ታሪፍ ስንል ሳናውቀው ከእንግሊዝኛው ጋር አንድ ቃል እየተጠቀምን ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። «አል» ብሎ የሚጀምር ሁሉ ዓረብኛ አይደለም። «አልቲቲዩድ» ላቲን ነው።

መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ያሉ ቃላት እንግሊዝኛ ውስጥ ሌላ ትርጉም አላቸው ይባላል። እውነት ነው?

አዎ። ከሁሉ የሚጠየቀው «ሺቦሌት» ነው። ታሪኩ መሳፍንት ምዕራፍ 12 ላይ ነው። የገለዓድ ሰዎች ኤፍሬማውያንን ድል ነሥተው የዮርዳኖስን መሻገሪያ ያዙ። መሻገር የሚፈልገውን ሁሉ «ሺቦሌት» በል ይሉታል። ኤፍሬማዊ «ሺ» ማለት ስለማይችል «ሲቦሌት» ይላል። በዚያች አንዲት ድምፅ ይታወቅና ይገደላል። የሞቱት 42,000 እንደነበሩ ተጽፏል። ቃሉ በዕብራይስጥ የእህል ዛላ ማለት ነው፤ ለፈተናው የተመረጠው ግን ለድምፁ ነው።

ዛሬ እንግሊዝኛ ውስጥ «ሺቦሌት» አንድን ሰው የማን ወገን እንደሆነ የሚያሳብቅ አነጋገር ወይም ልማድ ነው። አንዳንዴ ደግሞ አንድ ቡድን ሳያስብበት የሚደጋግመው አሮጌ መፈክር ማለት ይሆናል። ጋዜጣ ላይ ስታገኙት ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ነው። ይህን ታሪክ ክፍል ውስጥ ስነግር ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው። ሰው በአነጋገሩ ተለይቶ የሚጎዳበት ነገር የጥንት ብቻ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

«ጁብሊ» የእኛው ኢዮቤልዩ ነው። ሁለቱም ከዕብራይስጡ «ዮቤል» ወጡ፣ የበግ ቀንድ መለከት ማለት ነው። ዘሌዋውያን 25 ላይ 50ኛው ዓመት በመለከት ይታወጃል። እንግሊዝኛ ውስጥ ዛሬ የ25 ዓመቱም የ60 ዓመቱም በዓል «ጁብሊ» ይባላል።

«ሌቫያተን» እና «ቢሄሞት» ግዙፍ ነገር ማለት ሆነዋል፤ ትልቅ ኩባንያ ወይም ትልቅ መንግሥት። መጽሐፈ ሄኖክን ያነበበ ሰው ሌዋታንና ብሔሞትን ያውቃቸዋል። ለኢትዮጵያ አንባቢ አዲስ አይደሉም።

«ጃገርኖት» ምንድነው? ዜና ላይ ሰማሁት

ማንም ሊያቆመው የማይችል፣ የመጣበትን ሁሉ እየደፈጠጠ የሚያልፍ ኃይል ነው። የእግር ኳስ ቡድን ላይ ሊባል ይችላል፣ ጦር ላይም። ብሪታንያ ውስጥ እኛ ተሳቢ የምንለውን ዓይነት ግዙፍ የጭነት መኪናም እንዲሁ ይሉታል።

ምንጩ «ጀገናት» ነው፣ በሳንስክሪት የዓለም ጌታ ማለት። በህንድ ኦዲሻ ግዛት ፑሪ በሚባል ከተማ የሚመለክ አምላክ ነው። በየዓመቱ ምስሉ በትልቅ ሠረገላ ላይ ይወጣል። ሕዝቡ ገመድ ይዞ ሠረገላውን ይጎትታል። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ኦዶሪክ የተባለ ጣልያናዊ መነኩሴ ሰዎች በፈቃዳቸው መንኮራኩሩ ሥር ይተኛሉ ብሎ ጻፈ። ወሬው አውሮፓን አዳረሰ። ቃሉም ያንን ፍርሃት ይዞ ቀረ።

እኔ ይሄ ቃል ያሳዝነኛል። ለፑሪ ሰው በዓል ነው፣ እንደ እኛ ጥምቀት ሕዝብ የሚወጣበት። እንግሊዝኛ ውስጥ የገባው ግን መንገደኛ ያየው ነገር ብቻ ነው። የተዋሰ ቃል ሲያጋጥማችሁ ማን እንደተዋሰውም ጠይቁ።

ከህንድ ሌላስ ምን መጣ?

ብዙ ነው። «ፒጃማ» የእግር ልብስ ማለት ነው፣ ሥሩ ፋርስኛ። «ሻምፑ» መጀመሪያ ማሸት ነበር፣ ከሂንዲ። «ባንግሎ» የቤንጋል ዓይነት ቤት ነው። «ተግ» በሂንዲ አታላይ ነው፤ ዛሬ እንግሊዝኛ ውስጥ ወሮበላ ሆኗል። «ፐንዲት» ግን ክብሩን ይዟል፤ በሳንስክሪት ሊቅ፣ ዛሬ ቴሌቪዥን ላይ ተቀምጦ ፖለቲካ ወይም ኳስ የሚተነትን ሰው።

«ሰረንዲፒቲ» ቆንጆ ቃል ነው። ማን ፈጠረው?

ይሄን ቃል በተመለከተ ቀኑ ጭምር ይታወቃል። ሆሬስ ዎልፖል የተባለ እንግሊዛዊ ጸሐፊ ጃንዋሪ 28 ቀን 1754 ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ ላይ ፈጠረው። ስለ ሦስት የሰረንዲፕ ልዑላን የሚናገር የፋርስ ተረት አንብቦ ነበር። ልዑላኑ በጉዟቸው ያልፈለጉትን ነገር በአጋጣሚና በብልህነት ያገኛሉ። ሰረንዲፕ የስሪላንካ የቆየ ስም ነው።

ብዙ ሰው ቃሉን «ዕድል» ብሎ ይተረጉመዋል። ይጎድለዋል። ዎልፖል አጋጣሚውን ብቻ አላለም፤ የሚያይ ዓይንም ያስፈልጋል ብሏል። ሌላ ነገር እየፈለጉ መልካም ነገር ማግኘት፣ ደግሞም መልካም መሆኑን መለየት ነው።

«ኦምቡድስማን» እና «እንባ ጠባቂ» አንድ ናቸው?

ሥራው አንድ ነው። ቃሉ ግን ሌላ ነው። «ኦምቡድስማን» ስዊድንኛ ሲሆን ትርጉሙ ወኪል ነው። ስዊድን በ1809 ሕዝብ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ላይ ያለውን አቤቱታ የሚያይ ሹም አቋቋመች። እንግሊዝኛ ቃሉን እንዳለ ወሰደ። አማርኛ ግን አልተዋሰም። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 211/1992 ዓ.ም. ተቋሙን ስታቋቁም «የሕዝብ እንባ ጠባቂ» አለችው። ስዊድኑ ውክልናውን አየ፣ የእኛው የተበዳዩን ፊት አየ። ከትርጉሞቻችን ሁሉ በጣም የምወደው ይሄ ነው።

ከእኛ ወደ እንግሊዝኛ የገባ ቃል የለም?

አለ። «ጤፍ»፣ «እንጀራ»፣ «ብር»፣ «ራስ» የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ ታገኟቸዋላችሁ። እንሰት «ኢንሴት» ሆኗል፤ የተክሉ ሳይንሳዊ ስምም ከዚያው የተወሰደ ነው። ኮረሪማም ሳይንሳዊ ስሙ ውስጥ «ኮሮሪማ» ተብሎ ገብቷል።

ጭላዳ በእንግሊዝኛ «ገላዳ» ነው። ኤድዋርድ ሩፔል የተባለ ጀርመናዊ ተመራማሪ በ1835 ሲገልጸው የአገሩን ስም ያዘለት። ጉሬዛንም በዚያው ዓመት እንዲሁ አደረገ። ጅማ ዙሪያ ዛፍ ላይ የምናየው ባለ ነጭ ጭራው ጉሬዛ ሳይንሳዊ ስሙ «ኮሎበስ ጉሬዛ» ነው። «ኮሎበስ» ግሪክኛ ሆኖ የተቆረጠ ማለት ነው፤ አውራ ጣቱ ጉቶ ብቻ ስለሆነ። አንድ ዝንጀሮ ግማሽ ስሙ ግሪክ፣ ግማሽ ስሙ ኢትዮጵያዊ።

ከኦሮምኛ «ገዳ» አለ። ዩኔስኮ በ2016 ሲመዘግበው ስሙን እንዳለ ተጠቅሟል። ይሄ መልካም ልማድ ነው። ሌላ ስም የማያስፈልገው ነገር አለ።

ድምፁ ከተመሳሰለ ዘመድ ነው ማለት ነው?

አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እንግሊዝኛ ውስጥ «ኒገስ» የሚባል መጠጥ አለ፤ ወይን ጠጅ በሙቅ ውሃና በስኳር። አንድ ልጅ «ንጉሥ ይጠጡት ስለነበር ነው» ብሎ ተከራከረኝ። ስሙ ግን ፍራንሲስ ኒገስ ከተባለ እንግሊዛዊ ኮሎኔል ነው፣ በ1732 የሞተ። ከእኛ ንጉሥ ጋር አይገናኝም። «ንጉሥ» የሚለው ቃላችንም ለብቻው እንግሊዝኛ ውስጥ ገብቷል፤ በእንግሊዝኛ ሁለቱም በአንድ ዓይነት ፊደላት ስለሚጻፉ ነው ግራ የሚያጋባው።

ፋርስኛ «ባድ» መጥፎ ነው፣ እንግሊዝኛም «ባድ» መጥፎ ነው። ዝምድና የላቸውም። አውስትራሊያ ውስጥ ምባባራም በሚባል ቋንቋ ውሻ «ዶግ» ነው። እሱም ከእንግሊዝኛው አልመጣም፤ እንዲያው ገጠመ። ሁለት ቃል ዘመድ ነው ለማለት ድምፅ ብቻ አይበቃም። ቃሉ በየትኛው መንገድ፣ በማን እጅ፣ መቼ እንደተሻገረ የሚያሳይ ጽሑፍ ያስፈልጋል።

ተቃራኒውም አለ። ብርቱካንና «ኦረንጅ» አይመሳሰሉም፣ ሁለቱም ግን የአንድ ፍሬ ጉዞ ይናገራሉ። «ኦረንጅ» ከሳንስክሪት «ናረንጋ» ተነሥቶ በፋርስና በዓረብ አድርጎ አውሮፓ ገባ፤ መንገድ ላይ «ን» ወደቀችበት። ብርቱካን ደግሞ በዓረብኛ በኩል የመጣ የፖርቱጋል ስም ነው። ጣፋጩን ዝርያ ያስፋፉት የፖርቱጋል ነጋዴዎች ስለሆኑ ነው።

እውነተኛውን ምንጭ በስልኬ እንዴት አረጋግጣለሁ?

በነፃ የሚገኙ ሦስት ቦታዎች አሉ፦ ኤቲሞንላይን፣ ዊክሽነሪና ሜሪያም ዌብስተር። ቢያንስ ሁለቱን አስተያዩ። ኦክስፎርድ ትልቁ ነው፣ ግን ክፍያ ይጠይቃል።

ስታነቡ ሁለት ነገር ለዩ። አንደኛው ቃሉ በቀጥታ የመጣበት ቋንቋ ነው። ሁለተኛው የመጀመሪያው ምንጭ ነው። «ሲቬት» በቀጥታ ከፈረንሳይኛ ነው፣ ከሥሩ ግን ዓረብኛ። ፈተና ላይ የትኛውን እንደጠየቁ እዩ። «ምናልባት» እና «ምንጩ አይታወቅም» የሚሉትንም አትዝለሉ። መዝገበ ቃላት እንዲህ ሲል ታማኝ ስለሆነ ነው። ቲክቶክ ላይ እንደዚህ የሚል ብዙም አላየሁም።

በተለይ ቃሉ የአረፍተ ነገር ምሕጻረ ቃል ነው ከተባላችሁ ተጠራጠሩ። «ፖሽ» የሚለው ቃል ከሀብታሞች የመርከብ ቲኬት ላይ ከተጻፉ አራት ፊደላት ወጣ ይባላል። እንዲህ ያለ ቲኬት አንድም አልተገኘም።

ስፔሊንጋቸው ለምን ይከብዳል?

እያንዳንዱ ቃል የመጣበትን አገር አጻጻፍ ይዞ ስለሚመጣ ነው። አሜሪካ ውስጥ በየዓመቱ በሚደረገው የልጆች የስፔሊንግ ውድድር ተወዳዳሪው «ቃሉ ከየት ቋንቋ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይፈቀድለታል። መልሱ ፊደሉን ይጠቁመዋል። ግሪክኛ ከሆነ የ«ፍ» ድምፅ በ«ፒ» እና «ኤች» ይጻፋል፣ «ክ» ደግሞ በ«ሲ» እና «ኤች»። ፈረንሳይኛ ከሆነ መጨረሻ ላይ የማይነበብ ፊደል ይጠብቁ። «ራንዴቩ» ሲጻፍ መሐሉ ላይ «ዜድ»፣ መጨረሻው ላይ «ኤስ» አለ፣ አንዳቸውም አይነበቡም። «ሱናሚ» መጀመሪያው «ቲ» የሆነው ጃፓንኛ ስለሆነ ነው፤ «ጹ» ወደብ፣ «ናሚ» ሞገድ።

በ2015 ከአሸናፊዎቹ አንዱ የጻፈው የመጨረሻ ቃል «ኑናታክ» ነበር። ከግሪንላንድ ሰዎች ቋንቋ የመጣ ነው። ከበረዶ ግግር መሐል ብቅ ያለ የድንጋይ ጫፍ ማለት ነው።

እነዚህ ቃላት የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ ይመጣሉ?

እንደ «ኑናታክ» ያለ አልጠብቅም። የሚጠቅማችሁ የብዙ ቁጥሩ ነው። ከግሪክኛ የመጡት የራሳቸውን ሕግ ይከተላሉ። አንድ ሲሆን «ክራይቲሪየን»፣ ሲበዛ «ክራይቲሪያ»። አንድ ሲሆን «ፍኖሚነን»፣ ሲበዛ «ፍኖሚና»። «ፍኖሚናስ» የሚባል ነገር የለም። «ዚስ ክራይቲሪያ» ብሎ የሚጽፍም ብዙ ነው፤ «ዚዝ ክራይቲሪያ» ነው ትክክሉ።